«ማታ ማታ እሰሯት» ተብለናል፦ ግልጽ ደብዳቤ ለክፍለ ከተማችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ጉዳዩን ቢሮዎ ያውቀዋል፤ የመርሳት በሽታ ያለባቸውን አረጋውያን ቤት ውስጥ የምንይዝ ቤተሰቦች ምክር ይሰጠን የሚል ነው። በጽሑፍ አመልክቻለሁ፤ ማመልከቻዬም መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ተሰጥቶታል። በሄድኩ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው» እባላለሁ። በመጨረሻ አንድ ሠራተኛዎ «የመርሳት በሽታ እኮ መድኃኒት የለውም፤ ታዲያ ምን እናድርግልሽ?» አለኝ። መልሱ ይህ ከሆነ ጥያቄዬን ሁሉም ሰው ይስማው ብዬ ነው በአደባባይ የምጽፍልዎ።

እናቴ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ዲሜንሺያ፣ ማለትም የመርሳት በሽታ፣ ከያዛት ቆይቷል። የልጅ ልጆቿን ስም ታምታታለች፤ ዳዊቷን ግን እስከ ዛሬ በቃሏ ትደግማለች። በሽታው ቀስ እያለ ነው የመጣው፤ እኛም ቀስ እያልን ለምደነው ነበር።

ባለፈው ክረምት ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሌላ ሰው ሆነችብን። ሌሊት ተነሥታ ከሌለ ሰው ጋር ትጣላለች። ቀን ትፈዛለች። እህል አልቀምስ አለች። ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ተረኛው ባለሙያ ከወንበሩ ሳይነሣ «እማማ ጃጅተዋል፣ በቃ በሽታቸው ነው» አለን። ሙቀቷን አልለካም። ሽንቷንም አላስመረመረም። የሚያስተኛ ክኒን ጻፈልን። «ቤት ውስጥ እንዴት እንያዛት?» ብዬ ጠየቅሁት። «ማታ ማታ እሰሯት» አለኝ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠቀለለች መልሳ ትፈታዋለች። ሰምታዋለች።

ሌላ ቦታ ወሰድናት። እዚያ ያገኘናት ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀችን «እንዲህ ከሆኑ ስንት ቀናቸው?» ብላ ነው። ሽንቷ ሲመረመር ኢንፌክሽን ተገኘ። መድኃኒቱን ጀምራ ብዙም ሳትቆይ የምናውቃት እናታችን ተመለሰች። ትረሳለች፤ ግን እህል ትበላለች፣ ሌሊት ትተኛለች።

ክቡር ኃላፊ፣ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት የሚመጣ ግራ መጋባትን «ያው የመርሳት በሽታዋ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። የፈሳሽ ማነስ፣ የሆድ ድርቀት፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒትም እንዲህ ያደርጋል። ያልመረመሩትን ሰው በክኒን ማስተኛት ደግሞ ሕመሙን ይሸፍናል፤ አረጋውያንንም ለመውደቅ ይዳርጋል። ይህ የስፔሻሊስት ምሥጢር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ስፔሻሊስት ላልሆኑ ባለሙያዎች ባዘጋጀው ኤምኤችጋፕ በተባለው መመሪያ ውስጥ ዲሜንሺያ የራሱ ክፍል አለው። ቤተሰብን ማስተማርና መደገፍም እዚያው ተጽፏል። አገራችን በዚህ መመሪያ ባለሙያ ማሠልጠን ከጀመረች ከ10 ዓመት በላይ ሆኗታል። ይህን ለእርስዎ መንገር አይጠበቅብኝም ነበር።

እናቴን መያዝ ያስተማረችኝ የአክስቴ ልጅ ናት፤ በስልክ፣ ከአሜሪካ። እዚያ አረጋውያንን እየተንከባከበች ትኖራለች። እሷ ሥራ ሳትጀምር በፊት ሠልጥናለች። እኔ የገዛ እናቴን ስይዝ ግን ከጤና ጣቢያችን ያገኘሁት ምክር ያ የገመድ ምክር ብቻ ነው።

እናቴ ማምሻውን «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ትላለች። እኛ «ቤትሽ እኮ ነው!» እያልን ስንሟገት ጩኸት ይነሣ ነበር። የአክስቴ ልጅ «አትከራከሪያት፤ ስለ ቤቷ ጠይቂያት» አለችኝ። አሁን «እዚያ ማን አለ?» እላታለሁ። እያወራን ግቢውን እንዞራለን። ስንመለስ ሻይ ትጠጣለች፤ ነገሩም ይረሳል። ገላዋን ስናጥባት በርጩማ ላይ አስቀምጠን፣ ትከሻዋን በፎጣ ሸፍነን፣ ከእግሯ እንጀምራለን። ውኃ ከማፍሰሳችን በፊት እንነግራታለን። ድሮ በድንገት ከራሷ ስናፈስባት የምትደነግጠው፣ የምትማታው ለካ ፈርታ ነው። ስናጎርሳት ቀና ብላ ትቀመጣለች፤ ያኛውን ሳትውጥ ሌላ ጉርሻ አይጨመርም። ቀን ፀሐይ እናሞቃታለን። ወደ መጸዳጃ የሚወስደው መብራት ሌሊቱን ሙሉ ይበራል። የጋዙ ሲሊንደር ማታ ይዘጋል። ስልክ ቁጥራችን ቀሚሷ ውስጥ ተሰፍቷል፤ የሰፈሩ ባለሱቅና ጥበቃዎቹም ብቻዋን ካዩዋት ይደውሉልናል።

ይህን ሁሉ ለመንገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ምን ያህል በጀት ይጠይቃል? ዘመድ ውጭ አገር የሌለውስ ከማን ይማር?

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችሁ ቤታችን ይመጣሉ፤ ጎበዞች ናቸው። ስለ ክትባት ይጠይቃሉ፣ መጸዳጃ ቤቱን ያያሉ። ጓዳ ያለችውን እናት የጠየቀ ግን የለም። እሷን ይዛ ሌሊቱን ስታነጋ የምታድረውን ልጅማ ጭራሽ። እህቴ በዚህ ምክንያት ሥራዋን ለቅቃለች። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ ያደርጋል ይላል። ይህን ምክር የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት ማዘጋጀት ከአቅም በላይ ነው ብሎ የሚሟገተኝ ካለ ይምጣ።

የምጠይቀው ይህንን ነው። በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ መመሪያ ለእያንዳንዱ ታማሚ ቤተሰብ ይሰጥ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ እሱን ይዘው ቤት ለቤት ያስረዱ፤ ተንከባካቢዋንም «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ይበሏት። ድንገት የተለወጠ አረጋዊ ሳይመረመር ከጤና ጣቢያ አይመለስ። ሰው እሰሩ የሚል ምክር ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ በጽሑፍ ይከልከል።

ያ ተረኛ ባለሙያ እንዲባረር አልፈልግም። እንዲሠለጥን እፈልጋለሁ፤ ነገም ሌላ እናት ፊቱ ትቀርባለች። ማመልከቻዬ መዝገብ ቤታችሁ አለ። መልሱን በጽሑፍ፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት፣ እጠብቃለሁ።

እናቷን የምታስታምም የክፍለ ከተማው ነዋሪ