«ለሚመጣው ነው»፦ የፊልም ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

አስቀድሜ በትምህርት ቤታችን ግቢ፣ የፊልም ክበቡ በር ዘግቶ ለልጆች ሰይጣን ያስተምራል እየተባለ ለሚወራው መልስ ልስጥ። ልጆቹን ሰይጣን አላስተማርናቸውም። ረቡዕ ከሰዓት በር የምንዘጋው የሚደበቅ ነገር ኖሮን ሳይሆን ብርሃን እንዳይገባብን ነው። መስኮቱን በማዳበሪያ ጆንያ የምንሸፍነውም መጋረጃ ስለሌለን ነው። ሙሉ ፊልም ያሳየንበት አንድም ቀን የለም፤ ያየነው የመጀመሪያ ደቂቃዎችን ብቻ ነው፣ ያውም እኔ ቤቴ ቀድሜ አይቼ፣ ደምና ነውር ያለበትን ትቼ።

የዓመቱን ርዕስ የመረጡት ልጆቹ ናቸው። እኔ በበኩሌ ታሪካዊ ፊልሞችን ብናይ ብዬ ነበር፤ በእጅ ብልጫ ተሸነፍኩ። «አስፈሪ ፊልሞች እንዴት ይጀምራሉ?» የሚለው 19 ድምፅ አገኘ፣ የእኔ 4። ነገሩን ሳስበው ግን ለአማርኛ መምህር የተላከ ስጦታ ሆኖ አገኘሁት። የድርሰት ደብተር የሚያርም ሰው ይረዳኛል። ከ50 ድርሰት 40ው «ከዕለታት አንድ ቀን» ብሎ ይነሳል፤ ከዚያ ፀሐይ ትወጣለች፣ ወፎች ይዘምራሉ፣ አንባቢ ያንቀላፋል። አስፈሪ ፊልም ሠሪ ይህ ቅንጦት የለውም። ተመልካቹ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ሳይቀመጥ ሊይዘው ይገባል።

ጥቅምት ላይ ሰብሳቢና ጸሐፊ ተመረጡ፣ ዕቅድ ጸደቀ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ዝርዝሩ ፋይል ውስጥ አለ፤ የፈለገ ያንብበው።

ሥራው የተጀመረው በስታንሊ ኩብሪክ «ዘ ሻይኒንግ» (እ.ኤ.አ. 1980) ነው። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍቼ አሳየኋቸው። ሐይቅ፣ ተራራ፣ ከሄሊኮፕተር የተቀረጸ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ታች ጉንዳን የምታክል ቢጫ ቮልስ። «የቱሪዝም ማስታወቂያ ነው» አለ አንዱ። ሌላው «የጊቤን ቁልቁለት ይመስላል» አለና ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ከፍቼ ደገምኩት። ሙዚቃው በመካከለኛው ዘመን ስለ ፍርድ ቀን ይዜም ከነበረ የላቲን መዝሙር ዜማ የተወሰደ ነው፤ ይህን ግን ገና አልነገርኳቸውም ነበር። ማንም አልሳቀም። ያው መኪና፣ ያው መንገድ። ካሜራው ከላይ ሆኖ መከተሉ ራሱ ነገር ሆነ፤ «ማነው የሚያያቸው?» አለች አንዷ። የአንድ ወር ትምህርት በዚያች ጥያቄ አለቀልኝ።

ቀጥሎ የጆርጅ ሮሜሮ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» (1968) መጣ። በ114,000 ዶላር ገደማ የተሠራ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። የባለመብትነት ማስታወቂያው በስህተት ስለቀረ ባገሩ ሕግ የሕዝብ ሀብት ሆኗል፤ ማንንም ሳንሰርቅ አሳየነው ማለት ነው። ወንድምና እኅት የአባታቸውን መቃብር ሊጎበኙ ይሄዳሉ። ወንድም እኅቱን እንደ ልጅነታቸው ያስፈራራታል፣ ይቀልድባታል። ከኋላቸው፣ ራቅ ብሎ፣ አንድ ሰው እየተራመደ ይመጣል። ይኸው ነው። እኛ መቃብር ጎብኚ መስሎን እናልፈዋለን፤ እኅትዬውም ስለ ወንድሟ ቀልድ ይቅርታ ልትጠይቀው ነበር። ቀልዱ እውነት የሚሆነው ያኔ ነው።

የስቲቨን ስፒልበርግን «ጆውስ» (1975) ምስሉን ሸፍኜ በድምፅ ብቻ አሰማኋቸው። ምክንያቱን ወላጆች ይረዱልኛል። ሌሊት ባሕር ውስጥ አንዲት ወጣት ትዋኛለች፣ ከሥር አንድ ነገር ይጎትታታል፤ ዓሣ ነባሪ ይሁን ሻርክ ምንም አይታይም። በዚያ ፊልም ቀረጻ የሻርኩ ማሽን ጨው ውኃ ውስጥ እየተበላሸ ስላስቸገረ አዘጋጁ ሻርኩን ብዙ ጊዜ ሳያሳይ ለመሥራት ተገዷል። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ የራሳቸውን ጉዳይ የሰሙ ያህል ደስ አላቸው። እኔም እላለሁ፦ ዕቃ ማጣት ያስተምራል። ግን ይህን ዓረፍተ ነገር በጀት የሚመድቡ ሰዎች ከዚህ ገጽ ቆርጠው እንዳይወስዱብኝ አደራ።

አሁን ወደ ጅሬን። ሚያዝያ ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን (ከየኪሳችን ነው) ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወጣን። ዕቅዱ ቤተ መንግሥቱን ጎብኝቶ፣ ከዚያ ከኮረብታው ላይ ጅማን ቁልቁል እያዩ በየቡድኑ የአንድ ደቂቃ መክፈቻ መጻፍ ነበር። ሕጉ ሁለት፦ ደም የለም፣ ጭራቅ አይታይም። ጉብኝቱ አለቀ፣ ልጆቹ ወረቀት አወጡ፣ ዝናቡ መጣ። የጅማን ዝናብ ለምታውቁት አልተርክም። ሮጠን ከመንገድ ዳር ካለ ቤት ጣሪያ ሥር ተጠለልን፤ የቤቱ እመቤት ወጥተው «ግቡ፣ ግቡ» አሉን። የቻልነው ስድስት ሰዎች ገባን፣ ሌሎቹ በረንዳው ላይ ተደረደሩ። ቡና ተቆላ።

አቦሉ ሲቀዳ እኔ የማየው የረጠበውን ካሜራ ነበር። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን ሲኒ ትቆጥር ነበር። ይህች ልጅ ዓመቱን ሙሉ በክበባችን አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ለጓደኛዋ ብላ የምትመጣ ይመስለኝ ነበር። ለበረንዳዎቹ ተቀድቶ ደርሷቸዋል። እኛ ስድስት፣ የቤቱ እመቤት ሰባት፤ ረከቦቱ ላይ የተሞላው ሲኒ ስምንት። በአፋን ኦሮሞ ጠየቀቻቸው። ሴትየዋ ቀና ሳይሉ፣ እጅግ ተራ በሆነ ድምፅ መለሱላት፦ ለሚመጣው ነው።

ሰኞ ጠዋት ግማሽ ገጽ ሰጠችኝ። እናት፣ አባት፣ ልጅ ቡና ላይ ናቸው። ውጭ ይዘንባል። እናት አራት ሲኒ ትቀዳለች። ልጅ፦ «አራተኛው ለማን ነው?» እናት፦ «ለሚመጣው ነው።» አባት ዓይኑን ይሰብራል። በር ይንኳኳል። አለቀ።

መምህራን ማረፊያ ክፍል ቆሜ አነበብኩት፤ አንብቤ ስጨርስ ዞር ብዬ በሩን አየሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሰማው የደግነት ቃል ነው፤ አንድ ፊደል አልነካችበትም። የነካችው አባትየውን ነው። እሱ ዓይኑን ባይሰብር ኖሮ እንግዳ ይገባ ነበር። የመቃብሩን መንገደኛ በደንብ ያየችው እሷ ነበረች ማለት ነው።

ቀረጻው ሄርማታ ሰፈር በአንዲት አባላችን ቤት ተካሄደ። ሦስት ሰዓት የፈጀው በሩን ማንኳኳት ነው። በቡጢ ሲሆን ፖሊስ መሰለ፣ በጣት ሲሆን ጎረቤት። በመጨረሻ ያቺው ልጅ ተነሥታ ወጣችና ከታች፣ ከጉልበት ከፍታ ላይ፣ በመዳፏ ቀስ አድርጋ መታችው። ቤቱ ውስጥ የነበርነው ሁላችን ዝም አልን። ያን ከፍታ ለምን እንደመረጠች ስጠይቃት ትከሻዋን ነቀነቀች።

ያልሆነልንም አለ። ሰባት አጫጭር ሥራዎች አቅደን አራቱ ብቻ አለቁ፤ የሁለት ቡድን ቀረጻ ፍላሽ ላይ በቫይረስ ጠፍቶብናል፣ አንዱ ቡድን ተጣልቶ ተበተነ። አንድ አባት ልጃቸው መብራት አጥፍታ መተኛት እንዳቃታት ሊነግሩኝ መጥተው ነበር፤ ልክ ነበሩ፣ የ9ኛ ክፍል ልጆችን ያለ ወላጅ ፈቃድ ማስገባት አልነበረብኝም። ከየካቲት ወዲህ የፈቃድ ወረቀት አለ። መብራት የጠፋባቸውን ረቡዖች አልቆጥርም።

የእግር ኳስ ቡድናችን ዘንድሮ ሁለተኛ ማልያ ተገዝቶለታል። ደስ ብሎኛል፤ ተጫዋቾቹም ተማሪዎቼ ናቸው። የእኛ ጥያቄ ከማልያው አይበልጥም፦ የሁለት መስኮት ወፍራም መጋረጃና አንድ ደህና ስፒከር። የቀድሞ ተማሪዎቻችንም ይህን ገጽ እንደምታነቡ አውቃለሁ፤ በዚያ ክፍል መስኮት በኩል ዘላችሁ የወጣችሁትን በስም አስታውሳለሁ።

ስፒከር ያልኩት ለጌጥ አይደለም። በሰኔው የወላጆች ቀን ሥራችንን አዳራሽ ውስጥ ያሳየነው ከሚኒ ሚዲያ በተዋስነው፣ ከንግግር ይልቅ እሪታ በሚወድ ድምፅ ማጉያ ነው። እናት «ለሚመጣው ነው» ስትል ያፏጭ ነበር። ማንኳኳቱ ሲመጣ የፊት ረድፍ እናቶች «በስመ አብ!» «ቢስሚላህ!» ብለው ተያያዙ። የኋላ ረድፍ ግን «ምን ተባለ? አለቀ እንዴ?» እያለ ይጠያየቅ ነበር። ልጅቷ ከኋላ ነበር የተቀመጠችው።