ይድረስ ለእምዬ፦ ስለ ድርጭቶቹ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ዘጌ

እምዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ ትምህርታቸው ላይ ናቸው፣ አባታቸውም ሥራው ደህና ነው። በስልክ ስናወራ ኔትወርኩ እየቆራረጠን፣ አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን እየጠየቅሽኝ፣ በዚያ ላይ «ካርድሽ አለቀ በቃ» ብለሽ ስለምትዘጊብኝ በወረቀት ይሻላል ብዬ ነው። የወንድሜ ልጅ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ፤ ከቸኮለ ተቆጪው።

ነገሬ አንድ ነው። ዶሮዎቹን ቀንሺና ድርጭት ልላክልሽ።

አሁን ገና ፊትሽን እንደምታዞሪ አውቃለሁ። ዶሮ ጨርሰሽ ተዪ አላልኩም። ገብስማዋ ትቆይ፣ አውራውም ይቆይ፤ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ የሚታረደው ከግቢሽ ይውጣ። እኔ የምለው ሌሎቹን ነው፤ ማታ ማታ ቡናው ውስጥ ገብተሽ «ኩር ኩር» እያልሽ የምታባርሪያቸውን፣ እንቁላላቸውን ጎተራ ሥር ጎንበስ ብለሽ የምትፈልጊላቸውን። ባለፈው ክረምት ያችን ቄብ ስታሳድጂ ጭቃው አንሸራቶሽ መውደቅሽን ደብቀሽኝ ከጎረቤት ነው የሰማሁት። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ ደግሞ ግማሹን ጭልፊት፣ ግማሹን ሽለምጥማጥ ይወስደዋል።

የድርጭት ቤት ወገብሽ ላይ ይቆማል። መጎንበስ የለም፣ ማባረር የለም። ወለሉ ሽቦ ሆኖ ወደ ፊት ትንሽ ዘንበል ያለ ነው፤ እንቁላሉ ሲጣል ተንከባሎ ደጁ ላይ ይቆምልሻል፤ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ ትለቅሚያለሽ። ኩሱ ከሥር ባለው ቆርቆሮ ላይ ይወርዳል። እሱን ግን በየሁለት ቀኑ ሳታስነሺ እንዳታሳድሪ፣ ሽታው ኃይለኛ ነው። አጠራቅመው ካበሰሉት በኋላ ለቡናው ፍግ ይሆናል። የቤቱ ጣሪያ ዝቅ ያለበትን ምክንያት ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ፦ ድርጭት ስትደነግጥ እንደ ሌላው ወደ ጎን አትሮጥም፣ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ነው የምትተኮሰው። ጣሪያው ከፍ ካለ ፍጥነት ታገኝና ጭንቅላቷን ትሰብራለች። ስለዚህ አንድ ስንዝር ከምናምን ብቻ ነው፣ ከውስጥም ጆንያ ለብጠንበታል።

«ይበላል ወይ?» ላልሽው፣ አንቺ ራስሽ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 ላይ እስራኤል በምድረ በዳ ሳሉ ማታ ድርጭቶች ወጥተው ሰፈሩን ሸፈኑት ይላል። በዘኍልቍ ምዕራፍ 11 ደግሞ ጎምጅተው የበሉት ተቀሥፈው ቦታው «የምኞት መቃብር» መባሉን እንደምታነሺብኝ አውቃለሁ። እዚያ የተቆጣው በምኞታቸው እንጂ በወፏ አይደለም። እንዲያም ሆኖ ካልጣመሽ ሥጋውን ተዪው፣ እንቁላሉ ይበቃናል።

እዚህ ቤት እንቁላል ስለምንፈለፍልበት ማሽን የጠየቅሽኝንም ልመልስልሽ፤ «ያለ እናት እንዴት ይፈለፈላል» ብለሽ ነበር። ማሽኑ ያመጣው አዲስ ነገር የለም፤ ያቺ ገብስማ የምታደርገውን ለማድረግ ነው የሚታገለው። ዶሮ ስትታቀፍ ሙቀቱን ከሆዷ ትሰጣለች፣ በምንቃሯ በቀን ብዙ ጊዜ ታገላብጣለች፣ ለአፍታ ተነሥታ ጥሬና ውሃ ቀምሳ ትመለሳለች። ማሽኑ ሙቀቱን 37.5 ዲግሪ ላይ ይይዛል፣ ማራገቢያው ለሁሉም ያዳርሳል፣ እኔ ደግሞ ከሥር ያለው ሳህን ውሃ እንዳይጎድልበት አያለሁ። አየሩ ከደረቀ ቅርፊቱ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ይደርቅና ጫጩቷ ቀዳ መውጣት ያቅታታል። እንቁላሉ ካልተገላበጠ ደግሞ ጽንሱ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል። ማገላበጡ ለዶሮ እንቁላል በ18ኛው ቀን፣ ለድርጭት በ14ኛው ወይም በ15ኛው ቀን ይቆማል። ከዚያ በኋላ ጫጩቷ አቅጣጫዋን ይዛ ለመውጣት ስለምትዘጋጅ አይነካም፣ ክዳኑም አይከፈትም። ዶሮ 21 ቀን ትፈጃለች፤ ድርጭት ግን በ17 ወይም በ18 ቀን ትወጣለች።

እዚህ ባሕር ዳር መብራት እንደሚጠፋ ታውቂያለሽ። ሲጠፋ ማሽኑን በአሮጌ ጋቢ እንጠቀልለዋለን። ጥቂት ሰዓት ቢበርድ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፤ ዶሮዋም እኮ ተነሥታ ስትሄድ ይበርዳል። የሚያስፈራው ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ነው፤ 40 ዲግሪ ደርሶ ከቆየ አለቀ በይው።

በሰባተኛው ቀን ማታ ቤቱን አጨልመን እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በስልክ ባትሪ ላይ እናያቸዋለን። ጽንስ ያለበት ከሆነ ቀጫጭን ቀይ ጅማቶች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተው፣ መሃሉ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ስትንቀሳቀስ ይታያል። ባዶው ጥርት ብሎ ያበራል። ትንሿ ልጄ ይህን ሥራ ለማንም አታስነካም። የድርጭቱ ግን ቅርፊቱ ዥጉርጉር ስለሆነ ዓይን ያስቸግራል፤ እኔ ብዙም አልለፋበትም።

ሲፈለፈሉ ብታያቸው! በእንቁላሉ ወፈር ባለው ጫፍ በኩል ዙሪያውን ሰንጥቀው፣ ክዳኑን በእግራቸው ገፍተው ይወጣሉ። እርጥብ ናቸው፣ አውራ ጣትሽን አያህሉም፣ ጀርባቸው ላይ ቢጫና ቡናማ መስመር አለ። ትንሽ ተንገዳግደው ወዲያው እርስ በርስ እየተረጋገጡ መሮጥ ነው። የቀረው አስኳል ሆዳቸው ውስጥ ስለገባ አንድ ቀን ሙሉ ባይበሉ ምንም አይሆኑም፤ ስለዚህ እስኪደርቁ እዚያው እንተዋቸዋለን።

እነዚህን ጨቅላዎች የሚገድላቸው ውሃ ነው። የዶሮ ጫጩት በምትጠጣበት ዕቃ ውስጥ ገብተው ይሰምጣሉ። እኔ በጀሪካን ክዳን ውሃ አድርጌ ከሐይቁ ዳር የለቀምኳቸውን ጠጠሮች ጥቅጥቅ አድርጌ እደረድርበታለሁ፤ በጠጠሮቹ መሃል ምንቃራቸውን ብቻ ሰደድ አድርገው ይጠጣሉ። የመጀመሪያውን ሳምንት አምፖል ሥር 35 ዲግሪ ያህል ይፈልጋሉ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየቀነስን እናወርዳለን። በርዷቸው ከሆነ ተከማችተው ይንጫጫሉ፤ ሞቋቸው ከሆነ ከአምፖሉ ሸሽተው ክንፋቸውን ዘርግተው ያለከልካሉ። ይህን አንቺ ከቴርሞሜትር በፊት ታውቂዋለሽ።

ላንቺ የምልክልሽ ግን ይህን ሁሉ ያለፉትን፣ ላባ የለበሱትን ነው። አሥራ ሁለት ሴትና አራት ወንድ። በሦስተኛው ሳምንት ደረታቸው ይለያቸዋል፤ የወንዱ ደረት ንጹሕ ዳማ ነው፣ የሴቷ ነጠብጣብ አለው። ወንዱ ቁመቱን ሳያይ ይጮኻል፣ እሱን ቻይው።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቺ። የሐበሻ ዶሮ አሥራ ሁለትም አሥራ አምስትም ትጥልና ትታቀፋለች፣ ከዚያ ጫጩቶቿን ስታሳድግ ትከርማለች፤ ዓመቱን ሙሉ ደምረሽው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው። መታቀፉን እንድትተው አፍንጫዋን በላባ ስትወጊያት፣ ጎረቤት ወስደሽ ስታሳድሪያት ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። ድርጭት ከተፈለፈለች ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ውስጥ መጣል ትጀምራለች፣ በደህና ከተያዘች በዓመት ከ250 በላይ ትጥላለች። ትንሽ ናት፣ 10 ወይም 12 ግራም፤ አራቱን ሰብረሽ ነው አንድ የሐበሻ እንቁላል የምታገኚው። ያም ሆኖ ሒሳቡ ወደ እሷ ያደላል። አንድ ጉድለት አለባት፦ ሰው ቤት ከገባች ወዲህ መታቀፍ ረስታለች፣ ጥላው ትሄዳለች። ስለዚህ ሲያረጁ መተካቱ የእኔና የማሽኑ ሥራ ነው። ከዓመት በኋላ መጣላቸው ይቀንሳልና ያን ጊዜ አዲስ እልክልሻለሁ።

ዘጌ እንደምታውቂው አይታረስም፤ ያለው ቡናና ጌሾ ነው፣ እህሉ ከውጭ በገንዘብ ነው የሚገባው። አሥር ዶሮ መመገብ ለዚህ ነው የሚከብድሽ። አንዲት ድርጭት በቀን 20 ወይም 25 ግራም ነው የምትበላው፤ ለአሥራ ስድስቱ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። በቆሎ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ ፉሩሽካና አኩሪ አተር አስፈጭቼ በጆንያ እልካለሁ። ድቃቂ መሆን አለበት፣ እንዳለ ጥሬ አትስጫቸው። የአምባዛውንና የቆሮሶውን ራስና አጥንት ደህና አድርገሽ ቀቅለሽ፣ አድርቀሽ ብትወቅጪው ትልቅ ምግብ ነው፤ ግን በእፍኝ ብቻ፣ ከበዛ እንቁላሉ አሳ አሳ ይላል። ለቅርፊታቸው የእንቁላል ልጣጭ ቀቅለሽ፣ አድርቀሽ፣ አድቅቀሽ ጨምሪላቸው።

ብርሃን ይወዳሉ። በእኛ አገር ቀኑ 12 ሰዓት ግድም ስለሆነ ብቻውን አይበቃቸውም፤ ማታ ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት አንድ መብራት ቢኖራቸው በደንብ ይጥላሉ። ከሌለ ይቀንሳሉ እንጂ አይሞቱም።

ከዶሮዎቹ ጋር አትቀላቅያቸው፤ በሽታ ይተላለፋል። ፈንግል ዝናቡ ሲጀምር እንደሚመጣ አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ፤ ስንቱን አንድ ሳምንት ውስጥ ጠራርጎ ወስዶብሻል። ስለዚህ ገብስማዋና አውራው ሳይከተቡ ግንቦት አይግባባቸው። በመጠጥ ውሃ የሚሰጠው ክትባት ከሆነ የቧንቧ ውሃ አትጠቀሚ፣ ውስጡ ያለው ክሎሪን ክትባቱን ይገድለዋል። የጉድጓድ ውሃ አፍልተሽ አቀዝቅዢ። ዶሮዎቹ ጠምቷቸው እንዲጠጡት ደግሞ ጠዋት ውሃ ከልክያቸው።

አንድ ነገር አደራ። እዚህ የድርጭት እንቁላል ለስኳር፣ ለአስም፣ ለደም ግፊት መድኃኒት ነው እያሉ የሚሸጡ ሞልተዋል። አትስሚያቸው። እንቁላል እንቁላል ነው፤ ጥሩ ምግብ ነው፣ በቃ። የስኳር ክኒንሽን በእሱ ብትተኪ እኔና አንቺ እንጣላለን።

ስለ ጾሙም አስቤበታለሁ። ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን እንቁላል የሚገዛሽ አይኖርም። ያን ጊዜ የሚጣለውን ወደ እኔ ትልኪዋለሽ፣ ማሽን ውስጥ አገባዋለሁ። በጾሙ መጀመሪያ የገባው እንቁላል በ18 ቀን ይፈለፈላል፣ ጫጩቶቹም ከፋሲካ በኋላ ሰው እንቁላል ሲፈልግ መጣል ይጀምራሉ። የአሳ ራስና አጥንትም በጾም ነው የሚበዛው፤ አንቺ ባትበዪም የሚበላው ብዙ ነው።

ቤቱን የልጆቹ አባት ጨርሶታል፤ ቅዳሜ በጀልባ ይመጣል። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ በማያገኘው በኩል፣ ጣሪያው ጥላ ሥር ይቁም። አራቱንም እግሮች ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ አቁሙልኝ፤ የቡናው ውስጥ ጉንዳን አንዴ ከወጣባቸው አንድም አያስተርፍም። ሽቦው ጠባብ ነው፣ አይጥ አያስገባም።

ስትመልሺልኝ የገብስማዋን እንቁላል ላኪልኝ። ከአንድ ሳምንት በላይ ያልቆየ፣ ያልተሰነጠቀ፣ በጣም ትልቅም በጣም ትንሽም ያልሆነ። ቢቆሽሽ እንኳ አትጠቢው፤ ላዩ ላይ ያለው ልባሱ ይሄድና በሽታ ይገባበታል። ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርገሽ ጭድ ውስጥ ደርድሪው፣ ፀሐይ እንዳያገኘው። እዚህ ሲደርስ አንድ ሌሊት አሳርፌ ነው ማሽን የማስገባው። ዘሯ እንዳይጠፋ ነው፤ ከከተማው የፈረንጅ ዶሮ፣ ቦቫንስ ከሚሏት ይልቅ በሽታ የምትችለው እሷ ናት።

ጎረቤቶቻችንን ሁሉ ሰላም በይልኝ። ቅርጫቱን ይዞ ለሚመለሰው ልጅ ትንሽ ጌሾም ጨምሪበት፣ የገበያው አይጥመኝም።

ልጅሽ
ባሕር ዳር