አፈሙዙን መጋዝ አይንካው

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ከርመሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴ ብርዷን ጀምራለች። የጦሳ ተራራ ጠዋት ጠዋት ጉም ለብሶ ነው የሚነሳው።

የገዛሻቸውን የሁለቱን አሮጌ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃዎች ፎቶ አየሁ። እናትሽ መጀመሪያ ደንግጣ ነበር። ከፖሊስ ፈቃድ እንዳወጣሽ፣ ግድግዳ ላይ የታሰረ የብረት ሣጥን እንዳለሽ፣ የምትተኩሺውም ወደ ሰማይ በሚወረወር የሸክላ ዒላማ ላይ ብቻ እንደሆነ ሳስረዳት ተረጋጋች። አሁንማ ጎረቤት «ሴት ልጅና ጠመንጃ ምን አገናኛቸው?» ሲል እኔን ሳትጠብቅ እሷው ትመልስላቸዋለች። እኔም ደስ ብሎኛል። ዕድሜዬን ሙሉ እንጨት ስላስተማርኩ፣ ልጄ የመቶ ዓመት ሰደፍ ይዛ «አባ፣ ምን ላድርገው?» ስትለኝ ልቤ ሞላ።

ግን ያሰብሽው ነገር አሳስቦኛል። በርሚንግሃም የተሠራውን ጠመንጃ አፈሙዝ አሳጥሬ፣ በኬሚካል አጥቁሬ፣ ሰደፉን ልጬ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ልቀባው ነው ብለሻል። እንጨቱን እንደ ቁመናሽ አስተካክዪው፣ በዚህ አልከራከርሽም። ብረቱን ግን እንዳለ ተይው። አፈሙዙን መጋዝ አይንካው።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። የዚህ ጠመንጃ አፈሙዝ ዝም ብሎ ቱቦ አይደለም። ጫፉ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያህል ይጠባል። ቾክ የሚሉት እሱን ነው። በጣም የጠበበው ቢበዛ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚጠበው፤ በጥይቱ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ፍሬዎች ግን በእሱ ምክንያት ተሰብስበው ይሄዳሉ። አብዛኛውን ጊዜ የቀኙ አፈሙዝ ሰፋ ያለ፣ የግራው ጠበብ ያለ ነው። የፊተኛው ምላጭ ቀኙን ይተኩሳል፣ የኋለኛው ግራውን። ቅርቡን በአንዱ፣ እየራቀ የሚሄደውን በሌላው ትመቺያለሽ። ጫፉን ስትቆርጪ ቾኩን ቆርጠሽ ጣልሽው ማለት ነው። በዚያ ላይ ሁለቱ አፈሙዞች ጎን ለጎን የተጣበቁት ቀጥ ብለው አይደለም። ወደ ጫፉ ትንሽ ይቀራረባሉ፤ ሠሪው ሁለቱም አንድ ቦታ እንዲመቱ አስተካክሎ ያጣበቃቸው ነው። ያንን የእጅ ሥራ በመጋዝ ካጠፋሽው መመለሻ የለውም። ሕጉም አለ። እናንተ ዘንድ እንግሊዝ የዚህ ዓይነት ጠመንጃ አፈሙዝ ከ24 ኢንች ማነስ የለበትም።

የማጥቆሩ ነገርም እንደዚያው ነው። ዛሬ ፋብሪካ የሚጠቀምበት ዘዴ ብረቱን በሚፈላ ጨው ውስጥ መንከር ነው። ለአዲስ ጠመንጃ ጥሩ ነው። የአንቺው ግን ሁለቱ አፈሙዝና በመሃላቸው ያለው ረጅም ዝርግ ብረት የተያያዙት በቆርቆሮና እርሳስ ብየዳ ነው። ያ ትኩስ ጨው ብየዳውን ይበላዋል። አምሮ ጠቁሮ ይወጣና ከወራት በኋላ ይላቀቃል። ጠቁሮ ማየት ከፈለግሽ በድሮው መንገድ የሚሠራ ባለሙያ ፈልጊ። መድኃኒቱን ቀብቶ ቀስ ብሎ ያዝገዋል፣ ውሃ ውስጥ ያፈላዋል፣ ዝገቱን በብሩሽ ያነሳዋል፣ ደግሞ ይቀባዋል። ቀናት ይፈጃል። ብየዳውን ግን አይነካም።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ልምጣ። አፈሙዙን ከእንጨቱ አውጥተሽ ከሥሩ ያሉትን ትንንሽ ማኅተሞች ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ያለሽበት ከተማ በርሚንግሃም የጠመንጃ መፈተኛ ቤት አለው፤ በፈረንጆቹ 1813 በፓርላማ ሕግ የተቋቋመ ነው፣ ዛሬም ይሠራል። እዚያ የሚደረገው እንዲህ ነው። አፈሙዙን ከወትሮው በበለጠ ኃይለኛ ጥይት ይተኩሱበታል። ከቻለ ማኅተም ይመታበታል። ማኅተሙ የቀዳዳውን ስፋትና ጥይት የሚገባበትን ክፍል ርዝመት ይነግርሻል። ከዚያ በኋላ ቀዳዳው ከዝገት ጽዳት የተነሳ ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ከሰፋ ፈተናው አይቆጠርለትም፤ እንደዚያ ሆኖ መሸጥም በእንግሊዝ ወንጀል ነው። ዓይን ይህን አያይም። መለኪያ ነው የሚያየው። የአፈሙዙን ግድግዳ ውፍረትም አስለኪ። ሙያተኞች ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን ይሰጋሉ።

አንድ ነገር በተለይ ልብ በዪ። የአፈሙዛቸው ስፋት 12 ቁጥር የሚባለው የድሮ የእንግሊዝ ጠመንጃዎች ብዙዎቹ የተሠሩት ለ65 ሚሊ ሜትር ጥይት ነው። ዛሬ ሱቅ ያለው አብዛኛው ጥይት 70 ነው። ክፉው ነገር ባለ 70ው ገብቶ ይዘጋል፤ የተጻፈበት ርዝመት ቀለሁ ከተተኮሰ በኋላ፣ አፉ ሲከፈት የሚኖረው ነው። አንቺ «ገባ፣ ተዘጋ፣ ልክ ነው» ትያለሽ። ሲተኮስ አፉ የሚከፈትበት ቦታ ያጣል፤ ግፊቱም ይጨምራል። ስለዚህ የጥይቱ ሣጥን ላይ 65 የሚል ካላየሽ እጅሽን ሰብስቢ። የብረት ፍሬ ያለበትንም ለአሮጌ አፈሙዝ አትግዢ። እርሳስ በማይፈቀድበት ቦታ ቢዝመዝ ከሚባለው ለስላሳ ማዕድን የተሠራው ፍሬ ይሻላል።

ሁለተኛው፣ ከላይ ሁለት መዶሻ ያለው፣ የቤልጅጉ ነው። አፈሙዙ ላይ እንደ እባብ ቆዳ የተጠማዘዘ መስመር አለው ብለሻል። ያ ሥዕል አይደለም። ዳማስከስ ይሉታል። የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎችን አጠማዘው፣ በእሳት አጋግለው በዘንግ ላይ እየጠቀለሉ በመዶሻ ያጣበቁት ነው። ሊየዥና አካባቢዋ በዚህ ሥራ የታወቁ ነበሩ። የመፈተኛ ቤታቸው ማኅተም በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ የላቲን ፊደላት ያሉት ነው። ከላዩ ዘውድ ካለ ከፈረንጆቹ 1893 ወዲህ የተመታ ነው። ዳማስከስ ሁሉ ይፈነዳል የሚሉሽን አትመኚ፣ ሁሉ ደህና ነው የሚሉሽንም አትመኚ። ለጥቁር ባሩድ ብቻ ከተፈተነ የዛሬ ጥይት አታጉርሺው። ጭስ አልባው ባሩድ በፈረንሳይ የተሠራው በፈረንጆቹ 1884 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው አፈሙዝ ያንን ግፊት አያውቀውም። ለእኔ ቢሆን ይኸኛውን አልተኩሰውም። ወልውዬ አስቀምጠው ነበር።

ይህን ሁሉ ስጽፍ መቅደላ ትዝ አለችኝ። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 1860 እንግሊዞች አሮጌ በሚባለው ቦታ ላይ የተኮሱት ሰናድር የሚሉት ጠመንጃ ያን ጊዜ አዲስ ነበር፤ በጦርነት ሲሠራበትም የመጀመሪያው ነው። ከኋላ ይጎርሳል። የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጠመንጃ ደግሞ በአፉ ነበር የሚጎርሰው። ሴባስቶፖል ዛሬም እዚያው አምባው ላይ ተቀምጧል። አንድ ሰው ተነስቶ ያንን መድፍ በግራይንደር ቢያሳምረው ምን ትያለሽ? የአንቺን ጠመንጃ ማኅተምና ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ጌጥ የምጠብቅልሽ በዚሁ ዓይን ነው። ጌጡ ቢደበዝዝም የሠሪው እጅ ነው። አታስለስዪው፣ እንደገና አታስቀርጪው።

እንግዲህ ወደ እንጨቱ እንምጣ። እዚህ ጋ እጅሽን አስገቢ።

ወጣት ሳለሁ ከደላንታና ከወረኢሉ ሰደፉ የተሰበረ ጠመንጃ ይዘው የሚመጡ ገበሬዎች ነበሩ። ከኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በእርጥብ ጠፍር አስረውት ነው የሚያመጡት። ቆዳው ሲደርቅ ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል፤ በጣም ብልህ ሥራ ነበር። ዛሬ የመሣሪያ አዋጁ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ያለ ፈቃድ የሰው መሣሪያ አልነካም፣ አንቺም አትንኪ። ከዚያ ዘመን የተረዳሁት ግን ሰደፍ የተኳሹን አካል መከተል እንዳለበት ነው። ረጅም ሰው ለአጭር ሰው የተሠራ ሲይዝ ጉንጩን ይመታዋል።

የባለ ሁለት አፉ ጠመንጃ ጉዳይ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። የኋላ ማነጣጠሪያ የለውም። ማነጣጠሪያው ዓይንሽ ነው። ጉንጭሽ ሰደፉ ላይ ከፍ ካለ ከፍ አድርገሽ ትመቺያለሽ፣ ዝቅ ካለ ዝቅ። ለወንድ የተሠራው ሰደፍ ከምላጭ እስከ ጫፍ ብዙውን ጊዜ 37 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አንቺ እንደ እናትሽ ክንድሽ አጭር ነው፤ ረዝሞብሽ ብብትሽ ሥር ይያዛል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚስተካከል ሰደፍ ያለው የመለኪያ ጠመንጃ ካለው ባለሙያ ዘንድ ሂጂ። ቁጥሩን ይሰጥሻል። ከዚያ በኋላ ቢቆረጥ ትንሽ ትንሽ ይቆረጥ። የተቆረጠውን ቁራጭ አትጣዪው፣ ከጠመንጃው ጋር አስቀምጪው። ነገ ሌላ ሰው ሲይዘው መልሶ ሊያጣብቀው ይችላል። ወደ ጎን ማጠፍ ካስፈለገ ግን እንጨቱን በትኩስ ዘይት አሙቆ የሚያጥፍ ሰው አለ። ራስሽ አትሞክሪው።

ሰደፉ ብረቱን በሚነካበት ቦታ ጠቁሯል። የዓመታት ዘይት ነው፤ ጠመንጃውን በሰደፉ አቁመው ሲያስቀምጡት ዘይቱ ወደ እንጨቱ እየወረደ ያበሰብሰዋል። የነጭ ጠመኔ ዱቄት በአሴቶን ለውሰሽ ቀቢውና ይድረቅ፣ ዘይቱን ይመጥጠዋል። እስኪነጣ ደጋግሚው። መስኮትሽን ክፈቺ፣ እሳት አጠገብ እንዳትሠሪ። ከእንግዲህ አፈሙዙን ወደ ታች አድርገሽ አስቀምጪው።

ለጎድጓዳው ምት እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጊበትና በካውያ ነካ አድርጊው። እንፋሎቱ የተጨፈለቀውን እንጨት ያነሳዋል። የተቆረጠ ከሆነ አይነሳም፣ ተይው። በአሸዋ ወረቀት ግን ተጠንቀቂ። ልጠሽ ልጠሽ እንጨቱ ከብረቱ በታች ከሆነ ጠመንጃው ተበላሸ። ያኔ የሠራው አናጢ እንጨቱን ከብረቱ ትንሽ ከፍ አድርጎ የተወው አውቆ ነው።

ቫርኒሹን እርሺው። የተልባ ዘይት ነው የሚያስፈልግሽ። የእኛው ተልባ! እዚያ የፈላው በቆርቆሮ ይሸጣል። ጠብታ በመዳፍሽ ወስደሽ እጅሽ እስኪሞቅ እሺው። አድርቂ፣ ነገ ደግሞ። ዋንዛ ላይ የሚያደርገውን ሰደፍሽ በተሠራበት ዋልነት በሚሉት እንጨት ላይም ያደርጋል፤ ቀለሙ ከውስጥ ይወጣል። ዘይት የነካ ጨርቅሽን አጣጥፈሽ ጥግ አትጣዪ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተከመረ ጨርቅ በራሱ ይነዳል። ውጭ ዘርግተሽ አድርቂው።

ሦስተኛ ልገዛ ነው ላልሽው፣ አትቸኩዪ። ከገዛሽም የሱቁን ስም አትከተዪ። በርሚንግሃም የሠራው ብዙ ጠመንጃ በሌላ ከተማ ሱቅ ስም ተሽጧል። እኔ ስም ባይኖረውም ጥሩ አፈሙዝ ያለውን፣ ስም ኖሮት አፈሙዙ ከሳሳው አስበልጣለሁ። በፈረንጆቹ 1875 አንሰንና ዲሊ የተባሉ ሰዎች ያወጡት ቀላል የመተኮሻ መዋቅር ያለው ይበቃሻል። ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፣ ጠንካራ ነው፣ ዋጋውም ከትልልቆቹ ይቀንሳል።

እናትሽ በሶና በርበሬ በሰው ልካልሻለች። የማኅተሞቹን ፎቶ በቴሌግራም ስትልኪ በጠዋት ብርሃን፣ ከጎን አንሺው፤ ፊት ለፊት ሲነሳ ቁጥሩ አይነበብም። የባለሙያው ልኬትም ሲመጣ በሚሊ ሜትር ጻፊልኝ። እንጨቱን ሳትቆርጪ አብረን እናየዋለን።

አላህ ይጠብቅሽ።

አባትሽ፣ ከደሴ