ይድረስ ለትዕግስት

ለምወድሽ እህቴ ለትዕግስት፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እማማ አስካለስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም። መጀመሪያ እናንተ ጋ ኢንተርኔት ተቋርጦ ተጠፋፋን፤ መስመሩ ሲመለስ ደግሞ ዝምታው ልማድ ሆኖብን ቀረ። ማን ቀድሞ መደወል ነበረበት የሚለውን አንቆጣጠር። በስልክ ከጀመርነው ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ሰላሙ አውርተን ካርዱ ያልቃል። እኔ ደግሞ ረጅም ወሬ አለኝ፤ መጨረሻ ላይም የምጠይቅሽ ነገር አለ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

ወሬው የብስክሌት ነው።

አውሮፓ ውስጥ ትራንስኮንቲኔንታል የሚባል ውድድር አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረው ማይክ ሆል የሚባል እንግሊዛዊ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። የመጀመሪያው ጊዜ ከለንደን ተነስተው ኢስታንቡል ነው የገቡት። መነሻና መድረሻው ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ ርቀቱ ግን ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰዓቱ አንዴ ከተነሳ አይቆምም፤ ተኝተሽም፣ በልተሽም፣ ጎማ ስትለጥፊም ይቆጥራል። የተሰመረልሽ መንገድ የለም። በመካከል ጥቂት መቆጣጠሪያ ጣቢያዎች አሉ፤ እዚያ ደርሰሽ ካርድሽ ላይ ማህተም ታስመቻለሽ፣ በቀረው በየት በኩል እንደምትሄጂ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ከኋላሽ የሚከተል መኪና፣ መካኒክ ወይም ውሃ የሚያቀብል ሰው የለም። ለሁሉም ተወዳዳሪ እኩል የማይገኝ ነገር ለማንም አይፈቀድም። ሱቅ ገብተሽ መግዛት፣ ሆቴል መከራየት፣ ብስክሌት ጠጋኝ ጋ ማሠራት ይቻላል። ዘመድ ቤት ማደር አይቻልም። ከሌላው ኋላ ተጠግቶ ነፋስ መከለልም ክልክል ነው።

ይሄ ሐሳብ አዲስ እንዳይመስልሽ። በ1913 በቱር ደ ፍራንስ ኢዩጂን ክሪስቶፍ የሚባል ፈረንሳዊ ከቱርማሌ ተራራ ሲወርድ የብስክሌቱ የፊት ሹካ ተሰበረበት። ያን ጊዜ ሕጉ ማንም እንዳይረዳ ይከለክል ስለነበር ብስክሌቱን ተሸክሞ ብዙ ኪሎ ሜትር በእግሩ ተጓዘና ሳንት ማሪ ደ ካምፓን የምትባል መንደር ደረሰ። አንጥረኛ ቤት ገብቶ ሹካውን በገዛ እጁ አቅልጦ ገጠመው። ዳኞቹም ቆመው ይመለከቱት ነበር። በኋላ ግን ቀጡት፤ ምክንያቱም አንድ ትንሽ ልጅ ወናፉን ነፍቶለታል። ይህን ታሪክ መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ በዳኞቹ በጣም ተናድጄ ነበር። አሁንም በልጁ ምክንያት መቅጣታቸው ጭካኔ ነው እላለሁ። ነገር ግን ያ ሰው ሹካውን ራሱ ገጥሞ መንገዱን መቀጠሉን ሳስብ ልቤ ይሞላል።

እኔን ወደዚህ ዓለም ያስገባችኝ ፊዮና ኮልቢንገር ናት። 2019 ክረምት ላይ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በስልኳ ካርታ ላይ የሚንቀሳቀሱ ነጥቦች አሳየችኝ። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ያለበትን ቦታ በየጥቂት ደቂቃው የሚልክ መሣሪያ ይዟል፤ ስለዚህ ዓለም ሁሉ ሊያየው ይችላል። የዚያ ዓመት ውድድር ቡልጋሪያ ውስጥ ጥቁር ባሕር ዳር ካለችው ከቡርጋስ ተነስቶ ፈረንሳይ ብሬስት ላይ የሚያበቃ ነበር። ፊዮና ያኔ የ24 ዓመት ጀርመናዊት ነበረች፣ በካንሰር ምርምር ላይ የምትሠራ፣ እንዲህ ያለ ውድድር ገብታ የማታውቅ። የእሷ ነጥብ ፊት ሆነ። ነገ ይደርሱባታል ተባለ፤ አልደረሱባትም። በአንድ ጣቢያ ሆቴል ውስጥ ተቀምጣ ፒያኖ ስትጫወት የሚያሳይ ቪዲዮ አየን፤ ያን ሁሉ መንገድ የነዳች ሰው አትመስልም ነበር። በ10 ቀን ከ2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ብሬስት ገባች። ከሴቶች አንደኛ ማለቴ አይደለም፣ ትዕግስቴ፤ ከሁሉም አንደኛ ነው የወጣችው፣ ከ200 በላይ ወንዶችን አስከትላ። ያን ቀን ጠዋት ከሥራ ወጥቼ በትራም ስሄድ እንባዬ ይወርድ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ እየሄድኩ ሌሎቹን ፈለግሁ። የአላስካዋ ሌል ዊልኮክስ በ2016 አሜሪካን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በሚያቋርጠው ውድድር፣ ከኦሪገን አስቶሪያ እስከ ቨርጂኒያ ዮርክታውን፣ ወደ 6,800 ኪሎ ሜትር ነድታ ወንዱንም ሴቱንም አሸንፋለች። በመጨረሻው ሌሊት ፊት የነበረው ሰውዬ ለአፍታ ተኝቶ ሲነሳ እንቅልፍ አሳስቶት በመጣበት አቅጣጫ ይነዳል፤ ጨለማው ውስጥ ከእሷ ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ። አብረን እንግባ አላት። እሷ ግን ውድድር ነው ብላው ቀጠለች። አንዳንዶች ጨካኝ አሏት። እኔ አልፈርድባትም። ያን ሁሉ ቀን ብቻዋን የተጋችበትን ነገር በመጨረሻዋ ሌሊት ለይሉኝታ ብላ አልሰጠችም፤ እኛ ሴቶች በይሉኝታ ስንት ነገር እንደምንሰጥ አንቺም ታውቂያለሽ።

እንግዲህ እኔም ገባሁበት። እንደነሱ 4,000 ኪሎ ሜትር አይደለም፤ አጠር ያለ፣ ከደቡብ ጀርመን ተነስቶ የአልፕስ ተራሮችን ተሻግሮ ሰሜን ጣሊያን የሚያበቃ ነው። ኮርቻው ሥር በምትንጠለጠል ቦርሳ አንድ ቅያሪ ልብስ፣ የዝናብ ጃኬት፣ ቀጭን የመኝታ ከረጢት፣ ሁለት ከመነዳሪ፣ መለጠፊያና መንፊያ ያዝኩ። መብራቱና ስልኩ ኃይል የሚያገኙት ከፊት ጎማው መዞር ነው፤ ስትነጂ ይሞላል፣ ስትቆሚ ይቆማል። ስንቄ ግን ከእናንተ ነው የመጣው፦ እማዬ የላከችው በሶና ዳቦ ቆሎ። ሌሎቹ ከነዳጅ ማደያ ጣፋጭ ብስኩት ሲገዙ እኔ በሶዬን በጠርሙስ በጥብጬ እጠጣለሁ። የጥንት መንገደኛ ምን እንደሚበጀው አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ ሆድ አይረብሽም፣ ቶሎ አይርብሽም፣ ሌሊት ላይ ሲጠጡት ደግሞ የቤት ጠረን አለው።

ዳገቱ አልከበደኝም። የከበደኝ ሌሊቱ ነው። ሴት ልጅ ብቻዋን ሜዳ ላይ ስትተኛ ምን እንደሚሰማት አልደብቅሽም። የመጀመሪያውን ሌሊት አውቶቡስ ማቆሚያ ውስጥ ጋደም ብዬ የእያንዳንዱን መኪና ድምፅ ስቆጥር ነጋብኝ። በኋላ መላ አገኘሁ፤ መብራት ያለበት ቦታ፣ የገንዘብ ማውጫ ማሽን ያለበት የባንክ መግቢያ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ከሁሉም የበለጠ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጣቶቼ ከመሪው ጫና የተነሳ ደነዘዙ፤ ከውድድሩ በኋላ ለሳምንታት ያህል የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያስቸግረኝ ነበር። ነርስ ስለሆንኩ የትኛው ነርቭ እንደተጫነ አውቀዋለሁ፤ ማወቁ ግን ሕመሙን አያቀልለውም።

ከሚላኖ ወጣ ባለች ከተማ ደግሞ ምን ሆነ መሰለሽ። ቡና ልጠጣ ብገባ የቤቱ ባለቤት ሐበሻ ናቸው፣ በእናቶቻችን ዕድሜ። አማርኛዬን ሲሰሙ እጄን ይዘው አስቀመጡኝ፤ ጓዳ ገብተው ለቤተሰብ የሠሩትን ሽሮ በእንጀራ ይዘውልኝ መጡ። እንዴት አድርጌ ልንገራቸው? ለሌላው ተወዳዳሪ የማይቀርብ ነገር ለእኔም አይፈቀድም። እማማ፣ ለሚሸጥ ያዘጋጁትን ብቻ ነው መብላት የምችለው ስላቸው ፊታቸው ተቀየረ፤ የናቅኳቸው መሰላቸው። ቁጭ ብዬ ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋቸው፣ ነጥቤንም በስልኬ አሳየኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ታዲያ ስእለት ነዋ!» አሉኝ። ሳንድዊችና ቡና ሸጡልኝ፣ ሂሳቡን ቆጥረው ተቀበሉ፤ ከዚያ በር ድረስ ሸኝተው መረቁኝ። ምርቃትን የሚከለክል ሕግ የለም።

እማዬም እኮ በታናሽ ወንድሜ ስልክ ነጥቤን ስትከታተል ነው የከረመችው። ነጥቧ ስትቆም «ምን ሆነች?» እያለች ልጁን ስታስጨንቀው፣ ስትንቀሳቀስ «ተመስገን» ስትል። ይሄን በኋላ ነው የነገሩኝ። መከታተል ሌላው ግማሽ ነው የምልሽ ለዚህ ነው። ነጥቡ አንድ ቦታ ሲቆም ተኝታ ይሁን፣ ጎማ ተንፍሶባት ይሁን፣ ወድቃ ይሁን የሚከታተለው አያውቅም፤ ማድረግ የሚችለው ነገርም የለም። ሰው የማያውቀውን ሰው በፍጹም ልቡ ሲጠብቅ ያየሁት እዚህ ነው። ስሟን ብቻ ለምናውቃት ሴት እኛም የሌሊት ተረኞች ቡና ይዘን ስንጨነቅ አድረናል።

የሚያስፈራውንም ልንገርሽ፣ አልደብቅም። ማይክ ሆል፣ ይህን ሁሉ የጀመረው ሰው፣ በመጋቢት 2017 አውስትራሊያን ከምዕራብ ጫፍ እስከ ሲድኒ በሚያቋርጥ ውድድር ላይ በሁለተኛነት እየተከተለ ሳለ ካንቤራ አቅራቢያ ጎህ ሳይቀድ መኪና ገጭቶት ሞተ። 35 ዓመቱ ነበር። ውድድሩ እዚያው ተቋረጠ። ሲከታተሉት የነበሩት ሰዎች ደግሞ ሲድኒ ውስጥ ተሰብስበው እሱ ሊገባበት እስከነበረው እስከ ኦፔራ ሀውስ በብስክሌት ነዱለት። የእሱን ትራንስኮንቲኔንታል ወዳጆቹ በዚያው ክረምት አካሄዱት፤ እስከ ዛሬም ቀጥሏል። ስለዚህ አስተያየቴን ትሰሚ ዘንድ እወዳለሁ፦ እንቅልፍ አለመተኛትን እንደ ጀግንነት የሚያወሩ አሉ፤ እኔ አልቀበለውም። ሠላሳ ሰዓት ያልተኛ ሰው የሌለ ነገር ያያል፣ ዓይኑ ተገልጦ ያንቀላፋል፤ በመኪና መንገድ ላይ ይሄ ሞት ነው። ፊዮናም ብትሆን በየሌሊቱ የተወሰነ ሰዓት እየተኛች ነው ያሸነፈችው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። በእነዚህ ውድድሮች ሕግ ውስጥ አንድ የተለየ ነገር አለ፤ በጥንድ መመዝገብ ይቻላል። ጥንድ ሆነው የተመዘገቡ ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ይረዳዳሉ፤ ምግብ ይካፈላሉ፣ አንዷ ለአንዷ ነፋስ ትከልላለች። ከውጭ ግን እንደማንኛውም ሰው ምንም አይገባላቸውም። ይህን ባነበብኩ ቁጥር የምትመጪብኝ አንቺ ነሽ። ከቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁል ስንወርድ ማን ፊት እንደነበር፣ ወደ ጢስ ዓባይ ስንሄድ በዚያ አቧራ ማን ውሃ እንደያዘልኝ አልረሳሁም። በባሕር ዳር ሴት ልጅ ብስክሌት ስትነዳ ማንም ዞር ብሎ አያይም ነበር፤ ይህ ምን ያህል ትልቅ ዕድል እንደሆነ የገባኝ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ያ መንገድ አሁን እንደድሮው ተነስተሽ የምትሄጂበት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ኪጋሊ እንገናኝ። ከ2020 ጀምሮ ሩዋንዳን የሚዞር 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ውድድር አለ፤ ከፊሉ አስፋልት፣ ከፊሉ ኮረኮንች፣ ሁሉም ዳገትና ቁልቁለት። በ2025 የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ላይ የተካሄደውም እዚያው ኪጋሊ ነው፤ በዚያ በድንጋይ በተነጠፈ ዳገት ዳር ሕዝቡ ተደርድሮ ሲጮህ በቴሌቪዥን አይቼ አልጠገብኩም። ከአዲስ አበባ በቀጥታ ትበሪያለሽ፤ እኔ ከዚህ እመጣለሁ። ከፍታው እኔን ያስተነፍሰኝ ይሆናል፤ አንቺ ግን ጣና ዳር ከ1,800 ሜትር ላይ የምትኖሪ ሰው ነሽ፣ ሳንባሽ ተዘጋጅቷል። የሚቀጥለው ጥር ካልደረሰልሽ የሚቀጥለው ዓመት ይሁን። ማሸነፍ አላስብም፤ ጊዜው ሳያልቅ መግባት ይበቃናል፣ በየሌሊቱም እንተኛለን።

ልጆቹን ማን ይይዝልኛል እንደምትይ አውቃለሁ፤ ከእማዬ ጋር ተነጋግሬበታለሁ፣ ደስ ብሏት ትይዝልሻለች። ትኬቱንም ለእኔ ተዪው። ያገለገለ ግን ጥሩ ብስክሌት እዚህ ፈልጌ አመጣልሻለሁ፤ ለዚያ ልክሽ ያስፈልገኛል። ጫማሽን አውልቀሽ ግድግዳ ተደግፈሽ ቁሚና ከወለሉ እስከ ብሽሽትሽ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ በሜትር አስለክተሽ ላኪልኝ፤ ቁመትሽንም ጨምሪ። እስከዚያ ከሥራ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ባገኘሽው ብስክሌት ከተማው ውስጥ ንጂ።

ለእማማ አስካለ ጉልበታቸውን ስመሽ ሰላምታ አቅርቢልኝ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ። መልስሽን ቶሎ፤ በስልክም ቢሆን፣ በድምፅም ቢሆን።

የምትወድሽ እህትሽ
ሰናይት