የሰሜን መስኮትና የአዲስ አበባ ሠዓሊ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ወጣት ሠዓሊዎች ውብ ስቱዲዮ ሲመኙ «ቅንጦት ነው» የሚላቸው አይጠፋም። በፍጹም አይደለም። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ መኖሪያቸውም መሥሪያቸውም የነበረችውን ቪላ አልፋን ራሳቸው ነድፈው ነው ያሠሯት። ሰው ቀኑን ሙሉ ቀለም የሚመዝንበት ክፍል ሊያስጨንቀው ይገባል።

ችግሩ ውበቱ ከኢንተርኔት ፎቶ እንዳለ ሲቀዳ ነው። አውሮፓ ውስጥ የስቱዲዮ ትልቁ መስኮት ወደ ሰሜን ይከፈታል። እዚያ በሥራ ሰዓት ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትውል፣ ከሰሜን የሚገባው ብርሃን ለስላሳ ነው፤ ቶሎ ቶሎም አይለዋወጥም። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ክረምቱን ደመና ይጋርዳታል፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ግን ጨረሩ በቀጥታ ሸራው ላይ ያርፋል። በዚያ ድምቀት የተቀላቀለ ቀለም ሳሎን ውስጥ ሲሰቀል ጠቁሮ ይታያል። ሠዓሊውም መስኮቱን ትቶ የገዛ እጁን ይጠራጠራል።

ለሚያሠራ ሰው መላው ቀላል ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ለሆነ መስኮት ከላይ 55 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ የወጣ ጥላ የሰኔን የእኩለ ቀን ፀሐይ ይመልሳል። የጠዋትና የከሰዓቱ ፀሐይ ግን በአግድም ስለሚመጣ ከላይ ያለው ብቻውን አይበቃም። መስኮቱ 1 ሜትር ስፋት ካለው በግራና በቀኝ 50 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ የወጣ ቀጭን ግድግዳ ይጨመርለት። ተከራይ ከሆነ ደግሞ ነጭ አቡጀዲ መስኮቱ ላይ ይወጥር። ጣሪያው ላይ ብርሃን የሚያስገባ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ካለም እንዲሁ ከሥሩ ይወጠር፤ ሙቀቱ መውጫ እንዲያገኝ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ።

ፎቶ ላይ የሚያምረው አረንጓዴ ግድግዳ ብርሃኑን አረንጓዴ አድርጎ ሸራው ላይ ይመልሰዋል። የማያብለጨልጭ ነጭ ወይም ፈዛዛ ግራጫ ይሻላል። ለማታ ሥራ አምፖል ሲገዛ ካርቶኑ ላይ ሲአርአይ (CRI፣ አምፖሉ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካው ቁጥር) ከ90 በላይ፣ ኬልቪን (K፣ የብርሃኑ የራሱ ቀለም መለኪያ) 5000 አካባቢ መሆኑ ይታይ።

አንድ ነገር ግን ከውበት ሁሉ ይቀድማል። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ጥግ ከተጣለ፣ ዘይቱ ሲደርቅ የሚያመነጨው ሙቀት መውጫ ያጣና ክብሪት ሳይጫር በእሳት ሊያያዝ ይችላል። ውኃ ያለበት፣ ክዳኑ የሚገጥም የብረት ጣሳ ውስጥ ይነከር፤ ማታ ሲዘጋም ጣሳው ከስቱዲዮው ይውጣ።

ከአክብሮት ጋር
አዲስ አበባ