ስልክ ያላነሳሁበት ምክንያት

ሰብልዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ዓመት ከመንፈቅ ጠፍቼ እንዲህ ብዬ መጠየቄ ራሱ ያሳፍራል። የመጨረሻ መልእክትሽ አሁንም ስልኬ ላይ አለ፤ ስለ ፊት መጨማደድ መርፌዎች «የቱ ይሻላል፣ ቦቶክስ ወይስ ዲስፖርት?» ብለሽኝ ነበር። ያልመለስኩልሽ ንቄሽ እንዳይመስልሽ። ግራ ዓይኔ ወርዶ ነበር።

እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ርካሽ ነው የተባለ መርፌ የሚወጉበት ቤት ሄጄ ያቺን የተቆጣሁ የምታስመስለኝን የቅንድብ መሃል መስመር ተወጋሁ። በሳምንቱ መስታወት ፊት ስቆም የዓይኔ ቆብ ግማሽ ድረስ ወርዷል። ቪዲዮ ስትደውዪ የማላነሳው ለዚያ ነበር። ሥራ ቦታ «እንቅልፍ አጣሽ እንዴ?» ሲሉኝ «አዎ» እላለሁ። ስድስት ሳምንት ቆይቶ ዓይኔ በራሱ ተነሳ። ስልኩን ማንሳት ግን ያኔም አፈርኩ።

በይ አሁን ልመልስልሽ። ዘራቸው አንድ ነው፤ ቦቱሊነም ቶክሲን፣ ያው በተበላሸ የታሸገ ምግብ ሰው የሚመርዘው። በጣም ጥቂቱ ሲወጋ ነርቡ ጡንቻውን «ተኮማተር» ብሎ እንዳያዝ ያግደዋል፣ ቆዳውም መታጠፉን ይተዋል። እኔን የሸወደኝ ዩኒት የሚሉት የመድኃኒቱ መለኪያ ነው፤ የአንዱ ዩኒት ከሌላው ጋር እኩል አይደለም። ለቅንድብ መሃል ቦቶክስ 20 ዩኒት ነው፤ ዚኦሚንና ጁቮ የሚባሉት የዚሁ ዘር መርፌዎችም እንደዚያው። ዲስፖርት ግን 50፣ ዳክሲፋይ የሚባለው ደግሞ 40። ስለዚህ «የዲስፖርት ዩኒት ረከሰ» ብሎ መደሰት ብርና ዶላርን በቁጥር ብቻ እንደማወዳደር ነው። እኔማ የትኛው እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩም። የወጋችኝ ሴትዮ ጠርሙሷን ከፍሪጅ ስታወጣ ጽሑፉን በአውራ ጣቷ ሸፍናው ነበር፤ አሁንም ትዝ ይለኛል።

ዲስፖርት ቶሎ ይይዛል፣ በሁለት ሦስት ቀን። የላም ወተት ፕሮቲን አለርጂ ላለበት ሰው ግን አይሰጥም። (ያንቺ ወተት መጥላት አይቆጠርም።) ዚኦሚን ከቶክሲኑ ጋር ተጣብቀው የሚመጡት ፕሮቲኖች የወጡለት ነው። ዳክሲፋይ አሜሪካ ውስጥ በ2022 ነው የጸደቀው፤ ሌሎቹ ሦስት አራት ወር ሲቆዩ እሱ ብዙ ሰው ላይ ወደ ስድስት ወር ይዘልቃል። አንዴ ዓይኗ ለወረደባት ሴት ግን ረጅም መቆየቱ ብዙም አያጓጓም።

አሁን የምሄደው የቆዳ ሐኪም ጋ ነው። እሷ ቦቶክስ ነው የምትወጋኝ። መጀመሪያ «ፊትሽን ቋጥሪ» ትለኛለች፣ ጡንቻው ሲያብጥ በነጭ እርሳስ አምስት ነጥብ ታደርጋለች፣ ከዚያ ነው መርፌው። «ለጥቂት ሰዓት አትተኚ፣ ቦታውንም እንዳታሺው» ብላ ትሸኘኛለች። ያቺኛዋ ፊቴን እንኳ አላስቋጠረችኝም። እኔን ካልሽ፣ ቦቶክስ ወይ ዚኦሚን፣ እንዲህ ዓይነት እጅ ካገኘሽ። ትንሿን ገና ጡት የምታጠቢ ከሆነ ግን ይቆይ፤ ሐኪሞች አይመክሩትም።

ቅዳሜ ማታ በናንተ ሰዓት እደውላለሁ፣ በቪዲዮ። ከተወጋሁ አራት ወር አልፎኛል፣ ግንባሬ እንደ ድሮው ይቋጠራል። ከተቆጣሽኝ መልሼ መቆጣት እችላለሁ።

ያንቺው ጠፊ