የመኪና ክበባችን ዓመት፦ ከጣውላ ፔዳል እስከ ጣርማ በር

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፣ እኛ ልጆችን ፍጥነት አናስተምርም። ክበቡ ሲቋቋም "የፊዚክስ አስተማሪው ልጆቹን ሬስ ሊያስነዳ ነው" የሚለው ወሬ ወላጆች ስብሰባ ድረስ ስለገባ ነው ይሄን የምለው። መሪ የጨበጠ ተማሪ የለም። ያለን አንድ ያረጀ ላፕቶፕ፣ አንድ የመንዳት ጌምና ልጆቹ ራሳቸው ከጣውላና ከበር ሞላ የሰሩት ሦስት ፔዳል ነው።

ምዝገባ፣ ኮሚቴ ምርጫ፣ የዓርብ ስብሰባ እንደማንኛውም ክበብ ነው፣ አልዘረዝረውም።

የዓመቱ ጥያቄያችን አንድ ነበር። የውድድር ሹፌር ኩርባ ሲደርስ ፍሬን እየያዘ ማርሽ የሚቀንሰው ለምንድነው? አብዛኛው ልጅ "መኪናው እንዲቆምለት" አለ። አይደለም፣ የውድድር ሜዳ ላይ የሚያቆመው ፍሬኑ ነው፣ ማርሹ የሚቀነሰው ከኩርባው ሲወጡ ሞተሩ ጉልበት እንዲኖረው ነው። ለምሳሌ ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ አንዴ ሲዞር ሞተሩ በሦስተኛ ማርሽ 1.4 ጊዜ፣ በሁለተኛ 2.1 ጊዜ ይዞራል እንበል፣ ሞተሩ በደቂቃ 3000 እየዞረ ሁለተኛ ካስገባህ በአንዴ 4500 መዞር አለበት፣ ፍሪሲዮኑን፣ ማለትም ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀውን ፔዳል፣ ዝም ብለህ ከለቀቅከው ልዩነቱን የሚከፍለው ጎማው ነው፣ የኋላ ጎማ የሚነዳ መኪና ከሆነማ ጎማው ለቅጽበት ይያዝና ኋላው ይዞራል። ፍሬኑ ስራውን ሳይሰራ ቸኩለህ ከቀነስክ ደግሞ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ዞሮ ቫልቭ ሊያጥፍ ይችላል። ለዚህ ነው ሹፌሩ የቀኝ እግሩ ፊት ፍሬን ላይ እንዳለ በተረከዙ ወይ በእግሩ ጎን ነዳጁን ጠቅ አድርጎ የሞተሩን ዙር ከፍ የሚያደርገው።

ለማውራት ቀላል ነው። ልጆቹ ከፍሬን ፔዳሉ ስር መንገድ ላይ ሰው የሚመዘንበትን ሚዛን ተውሰው አስቀመጡ፣ ነዳጅ ስትነካ መርፌው ከተወዛወዘ ወደቅክ ማለት ነው። አንዱ ጎበዝ "ቲቸር ፎርሙላ ዋን ላይ እኮ የፍሪሲዮን ፔዳል የለም" ብሎ ሞገተኝ። ልክ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ፌራሪ ከመሪው ጀርባ ባለ ማንሻ ማርሽ መቀየር ከጀመረ በኋላ ነገሩ ተቀይሯል፣ ዛሬ ነዳጁን የሚነካላቸው ኮምፒውተር ነው። ግን ይሄ ክርክር የመጣው ሚዛኑ ላይ ከወደቀ በኋላ መሆኑም ይመዝገብልኝ።

ወደ ጣርማ በር፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ቁልቁል ወደሚወርደው የተራራ መንገድ፣ ያሰብነው ጉዞ መንገድ ተዘጋ እየተባለ ሲራዘም ከረመ። በመጨረሻ ሄድን። ከዋሻው በታች፣ ከመንገዱ ራቅ ብለን ዳገቱ ላይ ቆምን፣ ጉሙ ከመውረዱ የተነሳ አስፋልቱ ራሱ አይታይም፣ ልጆቹ ምን ልናይ ነው ብለው ማጉረምረም ጀመሩ። ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ያልሰማነው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነጠላዋን ከጆሮዋ ገለጥ አድርጋ "ከባድ መኪና እየወረደ ነው፣ አራተኛ ላይ ነው" አለች። ትንሽ ቆየችና "ሦስተኛ አስገባ። ነዳጅ ሰጥቶ ነው ያስገባው፣ ፍሪሲዮኑን ሁለቴ ነው የረገጠው።" መኪናው ከጉሙ ወጥቶ ሹፌሩ ጎማ ሊያይ ጥግ ያዘ። ሮጠን ጠየቅነው። ሦስተኛ ነው። ሁለቴም ረግጧል፣ የድሮ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ስለሆነ ያለዚያ አይገባለትም። ሰውዬው ወደሷ ዞሮ "የማን ልጅ ነሽ አንቺ?" አላት።

"የሹፌር" አለች።

እኔ ፊቴን ወደ ጉሙ አዞርኩ፣ ብርዱ ነው አልኳቸው።

ሹፌሩ ሞተር አጥፍቶ ልጆቹን በየተራ ጋቢና አስወጣቸው፣ "በምትወጣበት ማርሽ ነው የምትወርደው" አላቸው። እሱ ጋ ነገሩ የውድድር ሜዳው ተቃራኒ ነው፣ መኪናውን የሚይዝለት ማርሹ ነው፣ ፍሬኑ መቆጠብ አለበት። ክፍል ተመልሰን አሰላነው። ከነጭነቱ 20 ቶን የሆነ መኪና 1000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ 196 ሚሊዮን ጁል ገደማ ኢነርጂ አንድ ቦታ መሄድ አለበት፣ ከጣርማ በር ሸዋ ሮቢት ደግሞ ቁልቁለቱ ከዚያም ይበልጣል። ያ ሁሉ ፍሬን ሸራ ላይ ካረፈ ሸራው ግሎ ፍሬን እምቢ ይላል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ዘመድ ያላቸው ልጆች የዛን ቀን ማታ ቤታቸው ምን እንዳሉ ወላጆች ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ መብራት እየጠፋ፣ ላፕቶፑም እየሞተ ብዙ ዓርቦች ባከኑ። ለሌሎች ክበባት ማሊያና ከበሮ ሲገዛ ለእኛ የደረሰን ማርከር ነው፣ ማርከሩም ደርቋል።

ለመጪው ዓመት የምንፈልገው ፈታተን የምናየው ያረጀ ካምቢዮ ነው። ጋራዥ ያላችሁ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች፣ ይስራ አይስራ ግድ የለንም፣ ጥርሱ ይኑር እንጂ፣ ጋሪ ይዘን መጥተን እንወስዳለን።